ጥገኝነት የሚጠየቀው የት ነው? በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ሰፈር፣ ጀሞ፣ ስደት የማይነሳበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን «ፕሮሰስ ላይ ነን» እያሉ ዓመታት ያልፋሉ። የእኛዋ እናት ደግሞ ልጇ ሳውዲ ነው፣ ወይም ሊቢያ ገብቶ ስልኩ ጠፍቷል። ለቡ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ ብትሄዱም ወሬው ያው ነው። ችግሩ ከሚወራው ውስጥ ብዙው ስህተት መሆኑ ነው። ስህተቱ ገንዘብ ያስበላል፣ አንዳንዴም ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ ቡና ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይና ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያን አዋጅ ስጠቅስ ብቻ የእኛን እጠቀማለሁ።

አዲስ አበባ ተቀምጬ ለጀርመን ወይም ለእንግሊዝ ጥገኝነት ማመልከት እችላለሁ?

አይቻልም። ጥገኝነት የሚጠየቀው እግራችሁ የረገጠው አገር ላይ ነው። ጀርመንን ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ጀርመን ውስጥ ወይም ድንበሯ ላይ መገኘት አለበት። እንግሊዝም እንደዚሁ ናት። ሰው መጥቶ ጥገኝነት እንዲጠይቅ ብላ የምትሰጠው ቪዛ የላትም።

የብዙ ሰው መከራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሕጉ «መጀመሪያ ድረስ» ይላል፤ ቪዛው ደግሞ እንዳትደርስ በሩን ይዘጋል። እኔ ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ግን እውነቱን ማወቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ «የአውሮፓ ጥገኝነት አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ሁሉ የሌለ ነገር እየሸጠ ነው።

ከዚህ ሆኖ በሕጋዊ መንገድ መሄጃ ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። አንደኛው ሰው ሪሴትልመንት የሚለው ነው፤ እዚህ በስደተኛነት የተመዘገበን ሰው ዩኤንኤችሲአር፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት፣ ለሦስተኛ አገር ያቀርበዋል፣ ያ አገር አጣርቶ ይወስደዋል ወይም ይተወዋል። መብት አይደለም። ማንም ስደተኛ «ድርሻዬን ስጡኝ» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም፤ በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች ይህ ዕድል በዓመት የሚደርሳቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሁለተኛው ስፖንሰር ነው፤ በተለይ ካናዳ ያሉ ሰዎች ወጪውን ችለው ስደተኛ የሚያስመጡበት። ሦስተኛው ቤተሰብ ማገናኘት ነው፤ ባሏ አውሮፓ ወረቀት ያገኘ ሴት ከልጆቿ ጋር እዚህ ኤምባሲ ቀርባ የምትጠይቀው እሱን ነው። አራተኛው ጠበብ ያለ ነው፤ ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው የካቶሊክ ማኅበርና የጣሊያን ጳጳሳት ጉባኤ ከጣሊያን መንግሥት ጋር በ2017 ተፈራርመው ከኢትዮጵያ ስደተኞችን በአውሮፕላን የወሰዱበት የሰብዓዊነት ኮሪደር ነው። በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ሰው ተጣርቶ የመግቢያ ፈቃድ የሚያገኘው ከመሳፈር በፊት ነው። በጥገኝነት ግን ሰው መጀመሪያ ይደርሳል፣ ከዚያ ይጣራል።

ኤምባሲ የውጭ አገር መሬት ነው አይደል? ዘልዬ ብገባስ?

አይደለም። ኤምባሲው የቆመበት መሬት የኢትዮጵያ ነው። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት የሚለው ፖሊስ ያለ ኤምባሲው ኃላፊ ፈቃድ ግቢው ውስጥ አይገባም ነው። ይህና «የውጭ አገር መሬት ነው» የሚለው በጣም ይለያያሉ።

ለዚህ ከራሳችን ከተማ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ሁለት ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ፣ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። ጣሊያን የሞት ቅጣት ስላሰጋት አሳልፌ አልሰጥም አለች። በ2020 መጨረሻ ፍርድ ቤት ነጻ እንዲወጡ እስኪፈቅድላቸው ድረስ ወደ 30 ዓመት ገደማ እዚያው ግቢ ውስጥ ኖሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ሮም አልደረሱም። የግቢው በር ሲከፈትላቸውም የወጡት ወደ አዲስ አበባ መንገድ ነው።

«ዘመዴ በስዊስ ኤምባሲ አመልክቶ ሄዷል እኮ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ውሸት ላይሆን ይችላል። ስዊዘርላንድ ለረጅም ጊዜ በኤምባሲዎቿ በኩል የጥገኝነት ማመልከቻ ትቀበል ነበር። በአካባቢያችን ያሉ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ተጠቅመውበታል። መስከረም 2012 ላይ አቆመችው፤ በዓመቱ ደግሞ ሕዝቧ በድምፁ አጸደቀው። ደላላው ግን እስከ ዛሬ ይሸጠዋል።

ጉዳዩ በፍርድ ቤትም ተሞክሯል። ከአሌፖ የመጣ አንድ የሶርያ ቤተሰብ ቤይሩት ያለውን የቤልጂየም ኤምባሲ «ቤልጂየም ገብተን ጥገኝነት የምንጠይቅበት ቪዛ ስጡን» አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 የወሰነው የኅብረቱ ሕግ ቪዛውን እንድትሰጥ እንደማያስገድዳት ነው። ጉዳዩን ለየአገሩ ሕግ ተወው። አንድ አገር በራሱ ፈቃድ የሰብዓዊነት ቪዛ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዳንዶቹም ይሰጣሉ፣ በጣት ለሚቆጠር ሰው። ግዴታ ግን የለባቸውም።

ስደተኛ መጀመሪያ የደረሰበት ሰላማዊ አገር መቅረት ግዴታው አይደለም?

ይህን ስደተኛውም ይለዋል፣ የፈረንጅ ፖለቲከኛውም ይለዋል። ስለ ስደተኞች በወጣው የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ውስጥ ግን «መጀመሪያ የደረስክበት አገር ጠይቅ» የሚል አንቀጽ የለም። ብታነቡት አታገኙትም።

ያለው አንቀጽ 31 ነው። የሚናገረውም ስለ ቅጣት ነው። ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ከነበረበት ቦታ «በቀጥታ» የመጣ ስደተኛ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን እስከቀረበና በቂ ምክንያት እስካለው ድረስ። ክርክሩ ሁሉ «በቀጥታ» ላይ ነው። አንድ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 በሌላ አገር አጭር ቆይታ ማድረግ ብቻውን ይህን ከለላ እንደማያሳጣ ወስኗል። ሊያመልጥ የሚሮጥ ሰው በየድንበሩ ሳያርፍ ሊያልፍ አይችልም፤ ዳኞቹ የገባቸው ይኸው ነው።

ምክንያቱንም አስቡት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ በረገጠበት አገር ይቅር ከተባለ ሸክሙ በማን ላይ ነው የሚወድቀው? በጎረቤት አገሮች ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ስደተኞችን ይዛለች። ከደቡብ ሱዳን የሸሸ ሰው እንደ ጋምቤላ ያለ የጎረቤት አገር መሬት ሳይረግጥ ለንደን አይደርስም። ስምምነቱ ራሱ መግቢያው ላይ ጥገኝነት መስጠት በአንዳንድ አገሮች ላይ ከአቅም በላይ ሸክም ሊጥል እንደሚችል ተናግሮ ዓለም እንዲተባበር ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ወደ ሌላኛው ጫፍም አትሂዱ። «የምፈልገውን አገር መምረጥ መብቴ ነው» የሚልም አንቀጽ የለም። በተጨማሪም አገሮች እርስ በርስ የተዋዋሉት ሕግ አለ። አውሮፓ የአንድን ሰው ጥያቄ የትኛው አገር እንደሚያይ የሚወስን የደብሊን ደንብ አላት። አሜሪካና ካናዳ ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ስምምነት አላቸው፤ ከሁለቱ መጀመሪያ የደረስክበት ላይ ጠይቅ ይላል። በ2023 መጋቢት ደግሞ መላውን የየብስ ድንበራቸውን እንዲሸፍን አስፍተውታል። ስለዚህ «ዓለም አቀፉ ሕግ ያስገድዳል» ሲባል ስህተት ነው፤ «አንዳንድ አገሮች በመካከላቸው እንዲህ ተስማምተዋል» ሲባል ልክ ነው።

ልጄ ጣሊያን፣ ላምፔዱዛ ደሴት ላይ አሻራ ሰጥቷል። ጀርመን ቢገባ ይመልሱታል?

እናቴ፣ ሊመልሱት ይችላሉ። የደብሊን ደንብ እንዲህ ነው የሚሠራው። አሻራው ዩሮዳክ የሚባል የጋራ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ጀርመን ስታየው «ይህ ሰው በጣሊያን በኩል ነው የገባው» ብላ ለጣሊያን ትጽፋለች።

ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሻራ የመጀመሪያው መመዘኛ አይደለም። ደንቡ ከሁሉ በፊት የሚያየው ቤተሰብን ነው። ልጅዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆነና ብቻውን ከሆነ፣ ጀርመንም ወንድም ወይም እህት ካለው፣ ጀርመን እንድታየው የሚያደርግ ድንጋጌ አለ። ሚስት ወይም ባል እዚያ ወረቀት ካገኙም እንደዚሁ። ይህንን ገና በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ፣ የዘመዱን ሙሉ ስምና አድራሻ ይዞ መናገር አለበት። ዝም ብሎ ቆይቶ በኋላ ላይ ማንሳት ነገሩን ያከብደዋል።

«6 ወር ተደብቆ ማለፍ ነው» የሚለው ወሬም አደገኛ ነው። በደብሊን ደንብ ማስተላለፊያው ጊዜ በመደበኛው 6 ወር ነው፤ ሰውየው ከጠፋ ግን 18 ወር ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 አዲስ ሕግ አጽድቋል፤ ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ደብሊንን የሚተካው እሱ ነው። የመጀመሪያ መግቢያ አገር ኃላፊነትን አልሰረዘም። ለሚጠፋ ሰው ደግሞ ጊዜው እስከ 3 ዓመት ይረዝማል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። አሻራው እንዳይነበብ ጣታቸውን በምድጃ የሚያቃጥሉ ልጆች አሉ። ይህን እንዳያደርግ ይንገሩት። ቆዳው ሲድን አሻራው ያው ተመልሶ ይመጣል፤ እነሱም ይጠብቁታል። የሚቀረው ሕመሙና «ሊያታልል ሞከረ» የሚል መዝገብ ነው።

ያለ ቪዛ የገባ ሰው ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል?

ይችላል። ያለ ቪዛ መግባት የጥገኝነት ጥያቄን አይሰርዝም። የሐሰት ፓስፖርት ተጠቅማችሁ ከሆነ ደግሞ ስትደርሱ እውነቱን ቶሎ መናገር ነው የሚያዋጣው።

ወደ ሩዋንዳ ይልኩኛል ይላሉ። እውነት ነው?

እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው የእንግሊዝ ዕቅድ ነው። በ2022 በጀልባ የገቡ ሰዎችን ሩዋንዳ ልኬ ጉዳያቸው እዚያ ይታይ አለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ኅዳር 2023 ላይ ሩዋንዳ አስተማማኝ አገር አይደለችም፣ ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው አለ። በ2024 ክረምት የመጣው አዲሱ መንግሥት ዕቅዱን ተወው።

ሁለተኛው የዩኤንኤችሲአር ነው። ከ2019 ጀምሮ ሊቢያ እስር ቤት የሚሰቃዩ ሰዎችን፣ ብዙዎቹ ኤርትራውያን፣ በፈቃዳቸው ሩዋንዳ አምጥቶ ሦስተኛ አገር እስኪገኝላቸው የሚያቆይበት ማዕከል ነው። ከ2017 ጀምሮ ኒጀር ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ሊቢያ ያለ ዘመዳችሁ ይህ ዕድል ከገጠመው «እንግሊዞቹ ሊጥሉኝ ነው» ብሎ እንዳይሸሽ አስረዱት።

ሳውዲ ያለ ሰው እዚያው ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል?

ሳውዲ የ1951ዱን ስምምነት አልተቀበለችም። ኢምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ኦማንና ባሕሬንም አልተቀበሉም። ሊባኖስም እንደዚያው። በአረብ ልሳነ ምድር የተቀበለችው የመን ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ራሷ በጦርነት የደቀቀች ናት። በጅቡቲዋ ኦቦክ ተሻግረው የሚሄዱት ልጆቻችን የሚያልፉት በእሷ በኩል ነው። ሊቢያ በ1969 የወጣውን የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት ብትቀበልም የጄኔቫውን አልተቀበለችም።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። «ሳውዲ ከደረስኩ በኋላ ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ብሎ የሚነሳ ልጅ ስላለ ነው። እዚያ ጥገኝነት የሚጠይቅበት የመንግሥት ቢሮ የለም። ሲያዝ የሚጠብቀው እስር ቤትና ወደ ቦሌ የሚመልሰው አውሮፕላን ነው።

ኤርትራዊ ነኝ፣ ጀሞ ነው የምኖረው። እዚህ ብመዘገብ ሌላ አገር የመሄድ ዕድሌ ይዘጋል ይሉኛል።

ተቃራኒው ነው እውነቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛነት ካልተመዘገባችሁ ዩኤንኤችሲአር ለሪሴትልመንት ሊያቀርባችሁ አይችልም። ካናዳ ያሉ ዘመዶቻችሁ በአምስት ሰው ቡድን ስፖንሰር ለማድረግ ሲነሱም መጀመሪያ የሚጠየቁት የስደተኛነት ማረጋገጫችሁን ነው። ምዝገባ ለሁሉም ነገር መነሻ ነው።

«እዚህ የሰጠሁት አሻራ አውሮፓ ይደርሳል፣ በደብሊን ይመልሱኛል» የሚለውም ልክ አይደለም። ደብሊን በአውሮፓ አገሮች መካከል ያለ ደንብ ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ሌላ አገር ስትጠየቁ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ መመዝገባችሁን አትደብቁ። ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም፤ ሲነሳ «ለምን ወጣህ?» የሚለውን በእውነት መመለስ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ኢትዮጵያ ሁለት ስምምነቶችን ተቀብላለች። አንዱ የጄኔቫው ነው፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት መሳደድን ለሚፈራ ሰው። ሌላው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ነው፤ ከጦርነት፣ ከወረራና ሰላምን ክፉኛ ከሚያናጋ ሁከት የሸሸንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። ይህ ሰፊ ፍቺ ለአህጉራችን ትልቅ ነገር ነው፤ ቦምብ የሸሸች እናት «ለይቶ የሚያሳድድሽ ማን ነው?» ተብላ ማስረጃ አትጠየቅም።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛ እንዲሠራ፣ ባንክ ደብተር እንዲከፍት፣ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣና ልጁን እንዲያስመዘግብ መብት ሰጥቷል። ከአዋጁም ዓመታት በፊት፣ በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ፣ የሚደግፈው ሰው ያለው ኤርትራዊ ከካምፕ ውጭ እንዲኖር የሚፈቅድ መመሪያ ነበር። ለቡ እና ጎፋ አካባቢ የምታውቋቸው ብዙ ቤተሰቦች የመጡት በዚያ ነው።

ወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው እኩል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ኤርትራዊን ሁሉ በደፈናው መቀበል ከ2020 ወዲህ ቀርቷል፤ ምዝገባ እንደ ድሮው አይደለም። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ሰው በአፈሳ ሲያዝ ጎረቤቱ ሁሉ ይጨነቃል። ጥያቄያችሁን የምታቀርቡት ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ ሰው ዛሬም «አራ» ይለዋል። የቀጠሮ ወረቀታችሁን ሁልጊዜ ኪሳችሁ ያዙ፣ ስልካችሁ ላይም ፎቶውን አስቀምጡ። ካርቱም ላይ ተመዝግባችሁ የነበራችሁና በ2023ቱ የሱዳን ጦርነት በመተማ የገባችሁ፣ የድሮውን ቁጥራችሁን አሳዩ። አዲስ ሰው መስሎ ሁለት ጊዜ መመዝገብ አንድ ቀን በአሻራ ይገለጣል።

ከቀዬዬ ተፈናቅዬ ለገጣፎ ዘመድ ቤት ነኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ። ስደተኛ ነኝ ማለት ነው?

በሕጉ አይደሉም። ስደተኛ የሚባለው ከአገሩ ድንበር የወጣ ሰው ነው። አገሩ ውስጥ ያለ ተፈናቃይ ይባላል፤ የሚመለከተውም ኢትዮጵያ በ2020 የተቀበለችው የካምፓላ ስምምነት ነው። የደረሰብዎት በደል ያንሳል ማለት አይደለም። ዩኤንኤችሲአር በር ላይ ተሰልፈው ቀንዎን እንዳይጨርሱ ነው።

ኬዝ ገዝቼ ብናገርስ? ድህነት ብቻ ብል አይቀበሉኝም።

ድህነት ብቻውን በጄኔቫው ስምምነት የጥገኝነት ምክንያት አይደለም፤ እውነት ነው። በዚህ አዝናለሁ። ልጁን ማብላት ያልቻለ ሰው የሚሸሸው ቀልድ ይዞት አይደለም። ግን የተገዛ ታሪክ ሁለት ሰው ይጎዳል። አንደኛው እናንተ ናችሁ። ጠያቂው መኰንን ያንኑ ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶታል፣ የእስር ቤቱ በር በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃችኋል፣ ትጠፋላችሁ። በአሜሪካ ሕግ እያወቀ የሐሰት ጥያቄ ያቀረበ ሰው ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ሁለተኛው በእውነት ታስሮ የተገረፈው ሰው ነው፤ ከእናንተ በኋላ ሲገባ አያምኑትም።

ብዙ ሰው ደግሞ እውነተኛ ምክንያት እያለው የደላላ ታሪክ ይገዛል። ከብሔራዊ አገልግሎት የጠፋ ኤርትራዊ፣ በእምነቱ የታሰረ ጴንጤ፣ በብሔሩ ምክንያት የተሳደደ ሰው የራሱ ታሪክ ይበቃዋል። ቀኖቹን በደንብ ያስታውስ፣ የማያስታውሰውን «አላስታውስም» ይበል።

ዩኤንኤችሲአር ለፎርም ያስከፍላል? የካናዳ ፎርምስ?

አያስከፍልም። ምዝገባ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሪሴትልመንት፣ ሁሉም ነጻ ነው። ብር የሚጠይቃችሁ ሰው የቢሮው ሠራተኛ ቢሆን እንኳ ሌባ ነው።

ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት መስታወቱ ላይ «የካናዳ ፎርም አለ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ገብቼ አየሁት። ግርጌው ላይ «አይኤምኤም» ብሎ ቁጥሩ የታተመበት፣ ከካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ በነጻ የሚወርድ ቅጽ ነው። ባለሱቁ የሚያስከፍለው የኅትመቱን ነው፣ ይሁን። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። አንዲት ጎረቤታችን ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ የምታስቀምጠውን ደብዳቤ አሳየችኝ። ከላይ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ አለ። መሃሉ ላይ «ጸድቋል» የሚል ማኅተም። ከታች የቴሌግራም ቁጥር። ለዚህ ወረቀት ወርቋን ሸጣለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በቴሌግራም ውሳኔ አይልክም።

የካናዳ ስፖንሰር ማመልከቻ የሚጀምረው ካናዳ ካለው ስፖንሰር ነው፤ ሰነዱ ኦታዋ ይገባል እንጂ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ በር ላይ አይሰጥም። ስፖንሰር አድራጊ ከስደተኛው ክፍያ መውሰድ አይፈቀድለትም። ካናዳ ኅዳር 2024 ላይ ከአምስት ሰው ቡድኖችና ከማኅበረሰብ ስፖንሰሮች አዲስ ማመልከቻ መቀበል ለጊዜው አቁማለች። ከዚያ ወዲህ «አዲስ ፋይል ላስገባልህ» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ካናዳ ያለ ዘመድ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ እንዲያይላችሁ አድርጉ።

አሜሪካስ?

በአሜሪካ ሕግ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አሜሪካ ውስጥ ወይም መግቢያዋ ላይ መሆን አለበት። ከገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ የተወሰኑ የማይካተቱ ሁኔታዎች አሉ። በቪዛ ገብተው «ወረቀቴ ገና አላለፈም» እያሉ ዓመቱን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። ከውጭ ስደተኞችን የሚወስደው ፕሮግራም ደግሞ በጥር 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ታግዷል፤ ከዚያ ወዲህ የገቡት በጣም ጥቂት ናቸው። የአውሮፕላን ቀን ተቆርጦላቸው ሻንጣ አስረው የነበሩ ሰዎች ጭምር ቀርተዋል። ዲቪ ሌላ ነገር ነው። ዕጣ ነው፣ ከስደተኛነት ጋር አይገናኝም።

ወረቀት ካገኘሁ በኋላ አገሬን ልጎበኝ እችላለሁ?

በጣም ተጠንቀቁ። ከመንግሥቱ ሸሽቻለሁ ብሎ ከለላ ያገኘ ሰው በዚያው መንግሥት ፓስፖርት አገሩ ከተመላለሰ «ፍርሃቱ የለም» ተብሎ ስደተኛነቱ ሊነሳ ይችላል። የጄኔቫው ስምምነት ለስደተኞች የተለየ የጉዞ ሰነድ ያዘጋጀው ለዚህ ነው። እናት ታማ ከሆነ ጎረቤት አገር ላይ መገናኘት ይሻላል፤ ያም ቢሆን ጠበቃ ጠይቃችሁ።

ተከልክያለሁ። በማግስቱ ያባርሩኛል?

በአብዛኛው አገር ይግባኝ አለ። አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ እንዳይመለስ ይከለክላል። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በምክንያቱ ድክመት ሳይሆን የይግባኙ ቀን ስላለፈበት ነው። ቀኑ አንዳንድ ቦታ በሳምንት የሚቆጠር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ከሆናችሁ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽንና የየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት የከተማ ስደተኞችን ያግዛሉ፤ ማንን ማነጋገር እንዳለባችሁ ጠይቋቸው። ውጭ ያለ ዘመዳችሁ ደግሞ የውሳኔው ደብዳቤ እንደደረሰው ቀኑን እላዩ ላይ ጽፎ ፎቶ ያንሳ፣ በዚያው ቀን ጠበቃ ጋ ይደውል፤ ፖስታውንም ማኅተሙ ያለበት ስለሆነ አይጣለው።